ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ የትምህርትን አደራ የመለሱ ሰው

ትምህርት እንደ አደራ ገንዘብ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ደብቆ ቢያስቀምጠው ወይም ለራሱ ብቻ ቢበላው ታማኝ አይባልም። ተማሪም እንዲሁ ነው። ተማሪ የሚማረው በራሱ ብልኃት ብቻ አይደለም። ወላጆቹ ይደክሙለታል፤ መምህሩ ይመክረዋል፤ አገሩም ተስፋ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ስለዚህ የተማረ ሰው ባለ ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው በሥራ ነው። ይህን ዕዳ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲከፍሉ ከኖሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ከቢዮ አዋሌ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ከተማ የሚሄድ ልጅ የቀድሞውን የባቡር ጣቢያ ያያል። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ፥ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ አልፎ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ዳገቱን የወጣ መንገደኛ ደግሞ ሐረር ይደርሳል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ያደጉት በሐረር ነው፤ አገር የገዙት በጨርጨር ነው፤ በእርጅናቸውም ወራት ያረሱት በዚያው በጨርጨር ደጋ፥ በሂርና ነው። ነገር ግን በሐረርና በሂርና መካከል የሄዱት መንገድ እጅግ ረጅም ነበር።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ አገር፥ ሰያደብር በምትባል ስፍራ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉም ወደ ሐረር መጡ። በዚያን ጊዜ የሐረር ገዥ ልዑል ራስ መኰንን ነበሩ። ራስ መኰንን አስተዋይና ትምህርት ወዳድ ነበሩና ሕፃኑ ተክለ ሐዋርያት በቤታቸው አደጉ።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜን በኩል ኢትዮጵያን ወረረ። ዐፄ ምኒልክ ክተት አዋጅ አስነግረው ከየአገሩ ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ዘመተ። ራስ መኰንንም የሐረርን ጦር ይዘው ዘመቱ። ከዘማቾቹ ጋራ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት አብረው ሄዱ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ጦርነት ሆነ፤ ኢትዮጵያም ድል አደረገች። ልጁ የድሉን ደስታ አዩ፤ የቆሰለውንና የሞተውንም ሰው አዩ። አገር በምን ያህል ዋጋ እንደምትጠበቅ በመጽሐፍ ከማንበባቸው በፊት በዓይናቸው ተመለከቱ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ሊዮንትየፍ የሚባል የሞስኮብ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ተክለ ሐዋርያት አብረውት ሄዱ። ሞስኮብ ዛሬ ሩስያ የምትባለው አገር ናት። በዚያን ጊዜ ባቡር ገና አልመጣም ነበር፤ መንገደኛ ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርደው በበቅሎና በግመል፥ በበረሃ ሐሩር ነበር። ለልጅ እንዲህ ያለው ጉዞ ቀላል አይደለም። በሞስኮብ አገር ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ውኃው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ቋንቋውም ፊደሉም ሌላ ነው። ተክለ ሐዋርያት ግን ሳይሰለቹ ተማሩ። በፒተርስቡርግ ከተማ ወዳለው የጦር ትምህርት ቤት ገብተው የመድፍን ሥራ አጠኑ፤ የመኮንንነትንም ማዕርግ አገኙ።

በዚያ አገር ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሩ። ወዳጆችም አገኙ፤ ጥሩ ልብስና ጥሩ ቤትም አልጐደለባቸውም። ቢፈቅዱ ኖሮ በዚያው ተሹመውና ተከብረው መኖር በቻሉ ነበር። በሕፃንነቱ ከአገሩ የወጣ ሰው የአገሩ ነገር ቀስ በቀስ እንደ ሕልም ይሆንበታል፤ የእናቱም ቋንቋ በአፉ ይከብደዋል። ነገር ግን ተክለ ሐዋርያት የተማሩት ለማን እንደ ሆነ አልረሱም። ዐፄ ምኒልክ በታመሙበት ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

አገራቸውን በተመለከቱ ጊዜም አንድ ነገር አስተዋሉ። ኢትዮጵያ በጦር ሜዳ ጀግኖች አሏት፤ ነገር ግን ሕዝቧ የሚኖረው በእርሻ ነው፤ እርሻውም ገና በአሮጌው ልማድ ይሠራ ነበር። እርሳቸው የተማሩት መድፍ መተኰስን ነበር። መድፍ ጠላትን ይመልሳል እንጂ የራበውን አያጠግብም። ስለዚህ የመኮንንነት ማዕርግ ያላቸው ሰው እንደ ገና ተማሪ ሆነው ወደ አውሮፓ ሄዱና የእርሻን ትምህርት ተማሩ። አዋቂ ነኝ ብሎ መማርን የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው። የጐደለውን አውቆ እንደ ገና በተማሪ ወንበር የሚቀመጥ ግን ጥቂት ነው።

ከአውሮፓ ተመልሰው ሲኖሩ ብዙ ሹማምንት ለራሳቸው ጥቅም እንጂ ለሕዝብ የማያስቡ መሆናቸውን አዩ። ታላቅን ሰው ፊት ለፊት መገሠጽ በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ላ ፎንቴን ከሚባለው ከፈረንሳዩ ደራሲ ተረቶች ምሳሌ ወስደው ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ የሚባል ቴአትር በአማርኛ ጻፉ። ቴአትር ማለት ሰዎች በመድረክ ላይ ቆመው ታሪክን በንግግርና በሥራ የሚያሳዩበት ጨዋታ ነው። በዚህ ቴአትር የሚናገሩት አራዊት ናቸው፤ ነቀፋው ግን በሰዎች ላይ ነበር። በአማርኛ ከተጻፉት ቴአትሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። መኳንንቱም ነገሩ ገባቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትሩ እንዳይታይ ተከለከለ።

መጽሐፋቸው ስለ ተከለከለ ግን ተክለ ሐዋርያት አኵርፈው አልተቀመጡም። በጽሑፍ ያልተፈቀደላቸውን በሥራ ለማሳየት ተጉ። ፊታውራሪ ተብለው በጅጅጋ ገዥ ሆነው ነበር፤ ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። በጨርጨርም አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ከተማ ቈረቈሩ፤ ይህችም ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ጨርጨር ቡና የሚበቅልበት ለም አገር ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ አገር ገዥ የሚያስገብረው እንደ ልማዱና እንደ ፈቃዱ ነበር፤ ገበሬውም በዓመቱ ምን ያህል እንደሚጠየቅ አስቀድሞ አያውቅም ነበር። ጨርጨር ግን በሥርዓት የሚተዳደር፥ ለሌላው ምሳሌ የሚሆን አገር እንዲሆን መንግሥት አሰበ። ይህንንም አሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች ተክለ ሐዋርያት አንዱ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጨርጨርን ገዝተው በዚሁ መንገድ ሠሩ።

በ1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነገሡ። ተክለ ሐዋርያትም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሚኒስትር ማለት ከመንግሥት ሥራ አንዱን ክፍል ተቀብሎ የሚመራና ስለዚያ ሥራ የሚጠየቅ ሹም ነው። ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ስለ ነበር ይህ ሥርዓት በኢትዮጵያ ገና አዲስ ነበር።

በዚያ ጊዜ ለተክለ ሐዋርያት ከገንዘብ ቤት ሥራ የሚበልጥ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው። ይህም የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ማዘጋጀት ነው። ሕገ መንግሥት ማለት የሕጎች ሁሉ አባት ማለት ነው፤ ንጉሥም ሹምም ሕዝብም ምን ሥልጣንና ምን ግዴታ እንዳላቸው የሚወስን ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ፍትሐ ነገሥትና ብዙ የቈየ ልማድ ነበራት፤ እንዲህ ያለ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ግን አልነበራትም። ተክለ ሐዋርያት የሌሎችን አገሮች ሕግ መረመሩ። ይልቁንም በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ተመለከቱ፤ ጃፓን ነጻነቷንና ንጉሧን ጠብቃ በዕውቀት ወደ ፊት የሄደች አገር ነበረችና።

ሕጉ በ7 ምዕራፍና በ55 አንቀጽ ተጽፎ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ። በዚያም ቀን ታላላቅ መኳንንት በተሰበሰቡበት ስፍራ ተክለ ሐዋርያት ቆመው የሕጉን ትርጓሜ አስረዱ። በጉባኤው ከነበሩት ብዙዎቹ በጦር ሜዳ የተፈተኑ፥ በየአገራቸው እንደ ንጉሥ የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። ሥልጣን በወረቀት ላይ ይጻፍ፥ በሕግም ይወሰን የሚለው ነገር ለጆሮአቸው እንግዳ ነበር። በሐረር ቤተ መንግሥት ያደጉት ልጅ አሁን በመሳፍንቱ ፊት ቆመው መምህር ሆኑ።

በዚህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። አንዱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን፥ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበረ። ሁለቱ በአንድነት ፓርላማ ይባሉ ነበር። ፓርላማ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ሕግ የሚመካከሩበት ጉባኤ ነው። በአገራችን ሽማግሌዎች በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገርን እንደሚመረምሩ፥ በፓርላማም የአገር ነገር ይመረመራል።

እውነቱን ለመናገር ያ ሕግ ጐደሎ ነበረበት። የመጨረሻው ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ። የመወሰኛውን ምክር ቤት ሰዎች የሚሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የመምሪያውን ምክር ቤት ሰዎች የሚመርጧቸውም መኳንንትና የአገር ሹማምንት ነበሩ እንጂ ገበሬው አልነበረም። ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ይህ እንዲቈይ በሕጉ ተጽፎ ነበር። እስኪችል ድረስ የሚለው ቃል ተስፋ ነው። ያም ተስፋ ለመፈጸም ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከወጣ በኋላ ሕዝቡ የመምሪያውን ምክር ቤት ሰዎች በድምፁ መረጠ። ዘር የሚዘራ ሰው ፍሬውን በማግሥቱ አይበላም።

ከዚህ በኋላ ተክለ ሐዋርያት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ አውሮፓ ተላኩ። በስዊስ አገር በዠኔቭ ከተማ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የሚባል ጉባኤ ነበረ። በጉባኤው ያሉት መንግሥታት እርስ በርሳቸው እንዳይወጉ፥ ጠብ ቢነሣም በፍርድ እንዲጨርሱ ቃል ተጋብተው ነበር። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ገባች፤ ኢጣልያም የማኅበሩ አባል ነበረች።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፥ ወልወል በሚባል ስፍራ፥ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተዋጉ። ኢጣልያም ይህን ምክንያት አድርጋ ለጦርነት ተዘጋጀች። ተክለ ሐዋርያት በዚያው ዓመት ደጋግመው ለማኅበሩ አመለከቱ፤ ነገሩ በሕግ እንዲታይ ጠየቁ። በነሐሴ ወር መጨረሻ የኢጣልያ መልእክተኛ ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች ናት፥ ከመንግሥታት ጋራ ልትቈጠር አይገባትም ብሎ ረጅም ክስ አቀረበ። ተክለ ሐዋርያት በታላላቅ መንግሥታት ሹማምንት መካከል ሆነው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ጋስቶን ዤዝ የሚባሉ የፈረንሳይ የሕግ መምህርም አብረዋቸው ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። በሕፃንነታቸው በዓድዋ መድፍ ሲጮኽ የሰሙት ሰው አሁን ያንኑ ጠላት ያለ መድፍ፥ በቃልና በሕግ ብቻ ገጠሙት።

ዓለም ሰማቸው፤ ነገር ግን አልረዳቸውም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ገባ። ማኅበሩ ኢጣልያ ሕግ አፍርሳለች ብሎ ፈረደባት፤ 50 መንግሥታትም በፍርዱ ተስማሙ። ከኢጣልያ ጋራ የሚደረገው ንግድ በከፊል እንዲቋረጥ ተወሰነ። ለታንክና ለአውሮፕላን የሚያስፈልገው ነዳጅ ዘይት ግን አልተከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም ለመርከቦቿ አልተዘጋም። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ፈራጆቹ ግን ፍርዳቸውን ለመፈጸም አልደፈሩም።

ተክለ ሐዋርያት በአውሮፓ ቢቀሩ ከጥይትም ከመርዝ ጢስም በዳኑ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ተወረረችው አገራቸው ተመለሱ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ወጥተው ለዓለም ይናገሩ የሚል ምክር በተነሣ ጊዜ ተክለ ሐዋርያት በዚህ አልተስማሙም። ንጉሥ ከሕዝቡ ጋራ በአገሩ ቆይቶ መዋጋት ይገባዋል የሚል አሳብ ነበራቸው። ይህን ማለት ለእርሳቸው ቀላል አልነበረም፤ የሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩና። ሌሎች አዋቂ ሰዎች ደግሞ የንጉሡ መውጣት የአገሩን ስም በዓለም ፊት ያቆያል ብለው መከሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ተነሥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጂቡቲ ሄዱ። ከሁለቱ ምክር የትኛው ይሻል እንደ ነበር ሰዎች ብዙ ተከራክረውበታል። ተክለ ሐዋርያት ግን ንጉሡን ደስ ለማሰኘት ብለው አሳባቸውን አልለወጡም፤ የንጉሥ መካሪ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

አገሪቱ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ ተክለ ሐዋርያትም ተሰደዱ። ስደታቸው ረጅም ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላም ብዙ ዓመት በማዳጋስካር ደሴት ቆዩ። በፒተርስቡርግ የተማሩ፥ በዠኔቭ የተከራከሩ፥ ሕገ መንግሥት ያዘጋጁ ሰው በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ኖሩ። ሹመት እንደ ጥላ ነው፤ ፀሐይ ሲዞር ይዞራል። ዕውቀትና የሥራ ልምድ ግን ከባለቤቱ አይለዩም።

በመጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ጠጕራቸው ሸብቶ ነበር። እንደ ቀድሞው የቤተ መንግሥት ሹም አልሆኑም፤ ወደ ጨርጨር ወጥተው በሂርና ማረስ ጀመሩ። በጐልማሳነታቸው የተማሩት የእርሻ ትምህርት በእርጅናቸው ሥራ ሆነላቸው። የሕይወታቸውንም ታሪክ በእጃቸው ጽፈው አስቀመጡ፤ ይህም መጽሐፍ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1999 ዓ.ም. ታተመ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ደራሲና ሚኒስትር ሆነዋል፤ አርአያ የሚባለውን ልብ ወለድ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእኒህ ሰው ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። መጀመሪያ፥ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁለተኛ፥ መድፈኛ፥ ገበሬ፥ ደራሲ፥ ገዥ፥ ሚኒስትርና መልእክተኛ ሲሆኑ፥ በየሥራው የጐደላቸውን ከመማር አላፈሩም። ሦስተኛ፥ ቴአትራቸው ሲከለከል፥ ክርክራቸው በዠኔቭ ሳይረዳ ሲቀር፥ ምክራቸውም ሳይሰማ ሲቀር፥ መልካም ነገር ከማሰብና ከመሥራት አልተመለሱም። ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም፤ ሆኖም አደራቸውን አልበሉም።

የትምህርትን አደራ ለመመለስ ሚኒስትር መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ፊደል የለየ ልጅ ማንበብ ለማይችል ጐረቤቱ የመጣለትን ደብዳቤ ቢያነብለት፥ ቍጥር የተማረች ልጅም እናቷ በገበያ ስትሸጥ ሒሳቡን አስተካክላ ብትነግራት፥ ያ ልጅና ያች ልጅ ዕዳቸውን መክፈል ጀምረዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ባደገ ጊዜ ታላቅ ሥራ ቢሰጠው አይደነግጥም፤ በትንሹ ለምዶታልና።